ኪሮሽና ሹራብ፦ ከደማም እስከ ኢትዮጵያ

ኪሮሽ ጫፉ እንደ መንጠቆ በታጠፈ አንድ መርፌ፣ ሹራብ ደግሞ በሁለት ረዣዥም መርፌዎች ክርን ቀለበት በቀለበት እያያያዙ የሚሠራ የእጅ ሥራ ነው። እንደ ሽመና ድርና ማግ ስለማይፈልግ መሣሪያው በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ይያዛል።

«ኪሮሽ»ም «ዳንቴል»ም ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት ናቸው። «ሹራብ» ግን የሳዑዲ ዐረቢያ ከተማ ደማም የገባ ኢትዮጵያዊ ወዲያው የሚለየው ቃል ነው፤ በሳዑዲዎች የዕለት ንግግር «ሹራብ» ማለት ካልሲ ነው፤ እኛም ካልሲን «የእግር ሹራብ» እንላለን።

ደማምና ኾባር የሚገኙበት ምሥራቃዊ አውራጃ ስሙ የገነነው በነዳጅ ዘይት ነው፤ በዳህራን «ደማም ቁጥር 7» የተባለው ጉድጓድ ዘይት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1938 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። የእጅ ሥራው ግን ከዘይቱ ይቀድማል። በአውራጃው ያለው አል-አህሳ በወርቃማ ክር በሚጠለፈው ቢሽት (የወንዶች ካባ) ይታወቃል፤ በ2015 ዩኔስኮ በእደ ጥበብ የፈጠራ ከተሞች መዝገብ አስገብቶታል። የበደዊን ሴቶች ከበግ፣ ከፍየልና ከግመል ጠጉር የሚሸምኑት ሳዱም በ2020 በሳዑዲና በኩዌት ስም በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ሳዑዲ ዐረቢያ 2025ን የእደ ጥበብ ዓመት ብላለች።

በኢትዮጵያ ከተሞች የሶፋውና የጠረጴዛው ነጭ ዳንቴል ብዙ ጊዜ የቤቷ ሴት የእጅ ሥራ ነው። ቡና እስኪፈላ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እያወጋ ይሠራል። እንዲህ ሰብሰብ ብሎ መሥራት ለመንፈስም ይበጃል። በ2013 በአንድ የብሪታንያ የሙያ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 3,545 ሹራብ ሠሪዎችን ጠይቆ ነበር። አዘውትረው የሚሠሩት ከሥራው በኋላ መረጋጋትና ደስታ እንደሚሰማቸው፣ በቡድን የሚሠሩት ደግሞ ከሰው ጋር እንደሚቀራረቡ ተናግረዋል። መላሾቹ ሥራውን የሚወዱ ሰዎች ስለሆኑ መልሳቸው ለሕመም መድኃኒትነቱን አያረጋግጥም፤ ቸል የሚባል ምስክርነትም ግን አይደለም።

በደማምና በኾባር በሰው ቤት ለምትሠራ ኢትዮጵያዊት ክርና መርፌ በቀላሉ ይገኛሉ፤ የሚያጥራት ጊዜ ነው። በ2013 የወጣው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት ደንግጎ ነበር፤ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ደግሞ አሁንም መብቷ ነው። አሠሪ ያንን ቀን ሊያከብርላት ይገባል።