በኢጣልያ ከተሞችና በባሕር ዳርቻዎቿ ያለው የአባቶቻችን ዱካ

በዚህ ዘመን የኢጣልያን አገር ለማየት የሚሄደው መንገደኛ እጅግ ብዙ ነው። አንዱ የሮማን ጥንታዊ ፍርስራሽ፥ ሁለተኛው የፍሎሬንስን ሥዕል፥ ሦስተኛው በውሃ ላይ የተሠራችውን ቬኔዝያን፥ ሌላውም የናፖሊንና የሲሲልያን የባሕር ዳር ለማየት ይጓዛል። ይህም መልካም ነው፤ አገር ማየት ልቡናን ያሰፋልና። ነገር ግን ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ወደዚያ አገር በሄደ ጊዜ ሌላው መንገደኛ የማያስተውለውን ሊያስተውል ይገባዋል። በእነዚያ ከተሞችና በእነዚያ የባሕር ዳርቻዎች የአባቶቹ ዱካ አለ። አንዳንዱ ዱካ የተሳላሚ ነው፤ አንዳንዱ የመልእክተኛ፥ አንዳንዱ የጸሐፊና የተማሪ ነው፤ አንዳንዱ ግን የእስረኛ ነው። ይህን ሳያውቅ ሄዶ የተመለሰ ሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የገዛ ወንድሙን ደጅ ሳያንኳኳ እንደ ተመለሰ ይቈጠራል።

ስለዚህ ነገሩን በየከተማው ከፍለን በአጭሩ እንጽፋለን። አንባቢ እንዳይሳሳት ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር አስቀምጠናል።

ከሁሉ አስቀድመን ቬኔዝያን እናንሣ። በ1402 ዓ.ም. ከዐፄ ዳዊት የተላኩ መልእክተኞች ወደዚህች ከተማ ገቡ። አለቃቸውም አንቶንዮ ባርቶሊ የሚባል የፍሎሬንስ ሰው ነበረ። ለከተማይቱ መስፍን ካቀረቡት ገጸ በረከት መካከል በሕይወት ያሉ ነብሮች ነበሩበትና የከተማው ሰው ሁሉ ተደነቀ። ሲመለሱም የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች አብረዋቸው ተነሡ። ከዚህ እንደምንረዳው ንጉሡ ከሩቅ አገር ዕውቀት ለማምጣት መልእክተኛ የላኩት አውሮፓውያን ወደ ሕንድ የሚያደርሰውን የባሕር መንገድ ገና ሳያገኙ ነው።

ከዚህም በኋላ በ1450 ዓ.ም. ገደማ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኵሴ በቬኔዝያ አጠገብ በምትገኝ በአንዲት ትንሽ ደሴት ተቀምጦ የዓለምን ካርታ ሳለ። ይህም ካርታ ዛሬ በዚያው ከተማ በማርችያና ቤተ መጻሕፍት ተሰቅሎ ይታያል። የዚያን ጊዜ ሌሎች ካርታ ሠሪዎች ስለ አገራችን ተረት ሲጽፉ፥ ፍራ ማውሮ ግን ከኢትዮጵያ የመጡ ካህናትን ጠየቀ፤ እነርሱም አውራጃዎቹን፥ ወንዞቹንና ተራራዎቹን ከነስማቸው በገዛ እጃቸው ስለው አሳዩት። ስለዚህ በዚያ ካርታ ላይ ዐባይና ተከዜ፥ ዐዋሽም ተጽፈው ይነበባሉ። ካህናቱ ስማቸው አልተጻፈም፤ የአገራቸው ወንዞች ስም ግን በእነርሱ ምክንያት ተጻፈ። ደግሞ የቬኔዝያ ሰው የሆነ ኒኮሎ ብራንካሌዎኔ የሚባል ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ መርቆሬዎስ ተብሎ አርባ ዓመት ያህል ሥዕለ ማርያምንና የቅዱሳንን ሥዕል ሲሥል ኖረ። ወደ ቬኔዝያ ነብር ወስደን ሠዓሊ ተቀበልን ቢባል ሐሰት አይደለም።

ከቬኔዝያ ወደ ፍሎሬንስ የሚሻገር ሰው ደግሞ የ1441ን ዓ.ም. ጉባኤ ያስብ። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት አራተኛው ኤውጄንዮስ የምሥራቅን አብያተ ክርስቲያናት ለማስማማት ጉባኤ ባደረገ ጊዜ ከኢየሩሳሌም ገዳም የኢትዮጵያ መነኮሳት መጡ። የላኳቸውም የገዳሙ አለቃ አባ ኒቆዲሞስ ነበሩ። እንግዲህ በዚያ ታላቅ ጉባኤ ፊት ለመቅረብ የተጠራ ድኻ መነኵሴ ክብር ሲያይ ያልታዘዘውን ሁሉ እሺ ለማለት ይፈተናል። አባ ኒቆዲሞስ ግን ያለ ንጉሣቸው ዕውቀት በሃይማኖት ነገር ምንም ሊያደርጉ እንደማይችሉ አስታወቁ። በትሕትና ተናገሩ፤ ነገር ግን የእነርሱ ያልሆነውን አልሰጡም። ይህ ለመልእክተኛ ሁሉ ትምህርት ነው። ፊላሬቴ የሚባል አንጥረኛ በ1445 ዓ.ም. በፈጸመው በሮማ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የናስ በር ላይ እነዚህ እንግዶች ከሌሎቹ የምሥራቅ መልእክተኞች ጋራ ተቀርጸዋል። በየቀኑ ብዙ ሺሕ ሰው በአጠገባቸው ያልፋል፤ ማን እንደ ሆኑ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሮማ ገብተናልና በዚህ ጥቂት እንቈይ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ በቫቲካን አጥር ውስጥ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተሠራች አንዲት ትንሽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለች። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አራተኛው ሲክስጦስ ለኢትዮጵያ ተሳላሚዎች ሰጣቸው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ትባላለች። ከኢየሩሳሌም ተነሥተው በእግርና በመርከብ የመጡ መነኮሳት በዚያ ያድሩ፥ በዚያ ይጸልዩ፥ በዚያም ይሞቱ ነበር። በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ በግዕዝ ተጽፎ ይገኛል። አገሩ ሩቅ የሆነበት ሰው ስሙን በአባቱ ፊደል ተጽፎ ካገኘ ፈጽሞ በባዕድ አገር ተቀበረ አይባልም።

ከዚህች ቤት የወጣው ፍሬ ግን ከመቃብር ድንጋይ የበለጠ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ከኮሎኝ የመጣ የጀርመን ካህን በሮማ ሳለ ኢትዮጵያውያን ሲጸልዩ ሰማ። ቋንቋው ከለዳዊ ነው ብሎ በመገመት ተሳስቶ ነበር፤ ነገር ግን አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከሚባሉ መነኵሴ ፊደሉን ቈጥሮ በ1513 ዓ.ም. የዳዊትን መዝሙር በግዕዝ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። እንግዲህ የእኛ ሕፃን በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጦ የሚደግመው ዳዊት በማተሚያ መኪና ሲወጣ አገሩ ሮማ፥ መምህሩም አንድ ተሳላሚ መነኵሴ ሆነ።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የአባ ተስፋ ጽዮን ነገር ነው። እኒህ ሰው የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ ነበሩ። በ1531 ዓ.ም. የግራኝ ሠራዊት ደብረ ሊባኖስን እንዳቃጠለ፥ በሌላም ስፍራ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት እንደ ጠፉ የታወቀ ነው። ተስፋ ጽዮንም በኢየሩሳሌም በኩል አልፈው ሮማ ደረሱ፤ በዚያም ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ ከሚባሉ ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋራ ሆነው በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በአገራቸው መጽሐፍ ሲቃጠል እነርሱ በሰው አገር መጽሐፍ ያበዙ ነበር ማለት ነው።

ሥራውም ቀላል አልነበረም። አታሚዎቹ የግዕዝን ፊደል ለይተው ማንበብ አይችሉም፤ መነኮሳቱም የኅትመትን ሥራ አያውቁም። ከግብረ ሐዋርያትም ብዙው ክፍል በእጃቸው ስላልነበረ ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት። በመጽሐፉም ፍጻሜ ላይ ለሚያነቡት አባቶችና ወንድሞች ይቅርታ ለመኑ፤ እነርሱና አታሚዎቹ እንደ ዕውሮች እርስ በርሳቸው እየተረዳዱ መሥራታቸውን ሳያፍሩ ተናገሩ። ዛሬ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ስሕተቱን ሁሉ በሠራተኛው ላይ የሚጥል ጸሐፊ ይህን ቢያነብ መልካም ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የፈረንጅ ሊቃውንትንም አስተማሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ማርያኖ ቪቶሪ በ1552 ዓ.ም. የግዕዝን ሰዋስው በላቲን ጽፎ አሳተመ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1649 ዓ.ም. በዚያችው ቤት አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስም ግዕዙን አቀኑለት፥ ዐማርኛውንም አስተማሩት፤ በኋላም እስከ አገሩ ድረስ ሄደው አብረውት ሠሩ። ሉዶልፍ የጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681 ዓ.ም.፥ የዐማርኛው ሰዋስውም በ1698 ዓ.ም. ታተመ። ሊቁ በዓለም ሁሉ ተመሰገነ፤ መምህሩ ግን በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ፤ እንደ ሌሎቹ ወንድሞቻቸው በግዕዝ የተጻፈ የመቃብር ድንጋይ እንኳ አላገኙም።

ከሮማ ወደ ደቡብ ወርዶ ናፖሊ የሚደርስ ሰው ባሕሩንና የቬሱቭዮስን ተራራ አይቶ ይደሰታል። ይህችም ከተማ ከእኛ ጋራ የቈየ ትውውቅ አላት። በ1450 ዓ.ም. የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መልእክተኞች በናፖሊ ወደ ተቀመጠው ወደ ንጉሥ አልፎንሶ መጡ፤ ከእነርሱም አንዱ በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን የኖረ የመሲና ሰው ጴጥሮስ ሮምቡሎ ነበረ። በ1889 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች መኰንን፥ በኋላ ራስ የሆኑት፥ ከውጫሌ ውል ቀጥሎ የተደረገውን ተጨማሪ ውል በዚያች ከተማ ፈረሙ። የውጫሌውም ውል በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ስለ ተናገረ መጨረሻው በ1896 ዓ.ም. ዐድዋ ሆነ። በሌላም ወገን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በናፖሊ በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ዐማርኛ አስተማሩ፤ በዐማርኛ የመጀመሪያ የሚባለውንም ልብ ወለድ ታሪክ በ1908 ዓ.ም. በሮማ አሳተሙ። አንዲት ከተማ የጠብም የትምህርትም ስፍራ ልትሆን እንደምትችል ከዚህ ይታወቃል።

በ1924 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ሮማን በጐበኙ ጊዜ በታላቅ ክብር ተቀበሏቸው። ከዚያ ዓሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያው መንግሥት በአገራችን ላይ ጦር አዘመተ፤ መርዝም አዘነበ። ስለዚህም ነገር ከዚህ በኋላ የምንናገረው ስለ ከተማ ሳይሆን ስለ ባሕር ዳርቻ ነው።

በሰርዴኛ ሰሜናዊ ምዕራብ አሲናራ የምትባል ደሴት አለች። ዛሬ የአራዊትና የዕፀዋት መጠበቂያ ናት፤ ውሃዋም እንደ መስተዋት የጠራ ነው ይሏታል። በ1937 ዓ.ም. የካቲት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ስንት ሕዝብ እንደ ታረደ አንባቢ ያውቃል። ከዚያ እልቂት የተረፉትን መኳንንትና ወይዛዝርት ከነልጆቻቸው በመርከብ ጭነው በዚህች ደሴትና በኢጣልያ በሌሎችም ስፍራዎች አሰሯቸው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነ ወርቅም ወደ አሲናራ ከተወሰዱት ነበሩ፤ በኋላም ወደ ቶሪኖ ተወስደው በ1940 ዓ.ም. በዚያ ዐረፉ። ለሌላው ሰው የዕረፍት ስፍራ የሆነው የባሕር አሸዋ ለእነርሱ የአገራቸውን ተራራ የሚከለክል ግንብ ነበረ።

ከናፖሊና ከሮማ መካከል በባሕር ውስጥ ፖንዛ የምትባል ደሴት አለች። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር በወጡ ጊዜ እንደራሴ ሆነው የቀሩትና በ1936 ዓ.ም. መጨረሻ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ የተያዙት ራስ እምሩ በዚያ ታስረው ኖሩ። ከእርሳቸው ጋራ የነበሩት ሐዲስ ዓለማየሁም በፖንዛ፥ በኋላም በሊፓሪ ደሴት ታሰሩ። በ1943 ዓ.ም. ሐምሌ ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ በተሻረ ጊዜ የገዛ አገሩ ሰዎች ይዘው ወደዚያችው ወደ ፖንዛ ወስደው አሰሩት። ይህን ስንጽፍ በሰው ውድቀት ለመደሰት አይደለም፤ ነገር ግን ለባልንጀራው ጉድጓድ የሚቈፍር ሰው ጉድጓዱን ራሱ እንደሚለካው ያሳያል። ሐዲስ ዓለማየሁ ከእስራቱ ወጥተው ለአገራቸው ብዙ አገለገሉ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚባለውንም መጽሐፍ ጻፉ።

ከሊፓሪ ደሴት ፊት ለፊት በሲሲልያ ባሕር ዳር ባርቸሎና የምትባል ከተማ አለች። ዘርዐይ ደረስ በ1945 ዓ.ም. የሞተው በዚያ ነው። በሮማ አደባባይ ከአዲስ አበባ ተዘርፎ የተወሰደውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ባየ ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ፥ ሊከለክሉት በመጡም ጊዜ ሰይፉን መዘዘ። እብድ ነው ብለው በዚያች ከተማ ዘግተው አኖሩት፤ ወደ አገሩም ሳይመለስ ዐረፈ።

አንበሳው በኋላ ተመለሰ። በ1937 ዓ.ም. የተወሰደው የአክሱም ሐውልትም በ1947 ዓ.ም. በተደረገው የሰላም ውል ሊመለስ ሲገባው እጅግ ዘግይቶ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን በ2005 ዓ.ም. አክሱም ገባ፤ በ2008 ዓ.ም. ዳግመኛ ቆመ። ሃያ አራት ሜትር የሚያህል ድንጋይ ከተመለሰ፥ የማይመለስ የሰው ታሪክ ሊኖር አይገባም።

እንግዲህ ወደ ኢጣልያ የምትሄድ ወንድሜ ሆይ፥ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ብለው አባቶቻችን ተናግረዋል። ይሁን እንጂ አለመርሳት ማለት ቂም መያዝ ማለት አይደለም። በዚያ አገር ቤት የሰጡን፥ ከእኛም ጋራ በአንድ ገበታ ተቀምጠው መጽሐፋችንን ያተሙ ሰዎች ነበሩ፤ በዚያው አገር ያሰሩንም ነበሩ። ሁለቱንም በየስማቸው መጥራት እውነተኛ ታሪክ ነው። ከተማውን እይ፥ በባሕሩም ዳር ዕረፍ፤ ነገር ግን በናሱ በር ፊት ጥቂት ቁም፤ የቅዱስ እስጢፋኖስን ደጅ ለመሳለም ፈቃድ ጠይቅ፤ በደሴቶቹም የሞተ ሰው መቃብር ብታገኝ ስሙን ጽፈህ አምጣ። በቤትህም በአሲናራ ወይም በፖንዛ የታሰረ አያት ነበረህ እንደ ሆነ ከእርሱ የተሰማውን ነገር ዛሬውኑ ጻፍ። የመነኮሳቱን ስም ድንጋይ ጠብቆታል፤ የእስረኞቹን ስም ግን እኛ ካልጻፍነው የሚጽፍልን የለም።