የኮምፒውተሮች ጤንነት ክትትል በቨርቹዋል ሥርዓት የሶፍትዌር ፈቃድ ቆጠራ

በሶፍትዌር ፈቃድ ቆጠራ ረገድ የኮምፒውተር ጤንነት ክትትል የሚባለው፣ በየማሽኑ ላይ የተጫነው ቆጣሪ ፕሮግራም (በባለሙያዎቹ አጠራር ኤጀንት) እየሠራ መሆኑን፣ መረጃውንም በጊዜውና በሙሉ እየላከ መሆኑን የማረጋገጥ ሥራ ነው። ዲስኩ ሞላ፣ ፕሮሰሰሩ ጋለ ከሚለው የተለመደ ክትትል ይለያል። ሰርቨሩ ያለ አንዳች እክል አገልግሎት እየሰጠ ኤጀንቱ ግን ከወራት በፊት ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ በፈቃድ ሒሳብ እንዲህ ያለው ማሽን ጤነኛ አይባልም።

በአንድ ሰርቨር ላይ አንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብቻ ይጫን በነበረበት ዘመን ቆጠራው ቀላል ነበር። ቪኤምዌርና ሃይፐር ቪን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች (ሃይፐርቫይዘሮች) ከተስፋፉ በኋላ ግን አንዱ ሰርቨር ራሳቸውን እንደቻሉ ኮምፒውተሮች የሚሠሩ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን ይሸከማል፤ ማሽኖቹም ሥራ ሳያቋርጡ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ይዛወራሉ። ሻጮች ለዚህ የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ጀምሮ በኮር (በፕሮሰሰሩ የስሌት ክፍል) ብዛት ያስከፍላል፤ ለአንድ ሰርቨር የሚገዛው ትንሹ መጠን 16 ኮር ነው። ኦራክል በቪኤምዌር የተደረገን ክፍፍል ለክፍያ መቀነሻ አይቀበልም። አይቢኤም ደግሞ ቨርቹዋል ማሽኑ በያዘው ኮር ልክ ብቻ መክፈልን ይፈቅዳል፤ ይህን የሚፈቅደው ግን ደንበኛው አይኤልኤምቲ የተባለውን የቆጠራ መሣሪያ ወይም ተቀባይነት ያለው ተመሳሳይ መሣሪያ ተክሎ ማስረጃውን ራሱ ከያዘ ነው። የጤንነት ክትትል ዋጋ ጎልቶ የሚታየው በዚህ በሦስተኛው አሠራር ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ሁለት ባለ 16 ኮር የኢንቴል ዚዮን ፕሮሰሰሮች ባሉት ሰርቨር ላይ 4 ኮር የተመደበለት ቨርቹዋል ማሽን አለ እንበል። በአይቢኤም ሠንጠረዥ የዚህ ዓይነት ሰርቨር አንድ ኮር 70 የክፍያ ነጥብ ስለሚይዝ ሒሳቡ 280 ነጥብ ይሆናል። መሣሪያው ከሃይፐርቫይዘሩ አስተዳዳሪ፣ ለምሳሌ ከቪሴንተር፣ ጋር ያለው ግንኙነት ከተቋረጠ የፕሮሰሰሩን ዓይነት ማወቅ ስለማይችል ለእያንዳንዱ ኮር ከፍተኛውን 120 ነጥብ ይይዛል፤ ሒሳቡ 480 ይደርሳል። ማስረጃው ጨርሶ ከሌለና ሙሉው ሰርቨር ከታሰበ ደግሞ 2,240 ነጥብ ይሆናል። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ በሩ ተዘግቶ ሲያገኘው በግምት ሒሳብ እንደሚጽፈው ያለ ነው፤ እዚህ ግን ግምቱ ሁልጊዜ በደንበኛው ላይ ያጋድላል።

ስለዚህ ክትትሉ የሚያያቸው ነገሮች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። በአይኤልኤምቲ የአቅም ልኬት በየ30 ደቂቃው ይወሰዳል፤ የተጫኑ ሶፍትዌሮች ፍተሻ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይካሄዳል። መሣሪያው ልኬት ያልላከውን፣ ልኬቱ ያረጀበትንና የሃይፐርቫይዘር መረጃ የጎደለውን ማሽን ለይቶ ያሳያል። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው የመጨረሻው ነው፤ ማሽኑ መረጃ መላኩን ስለማያቆም እክሉ ዓይን ውስጥ አይገባም። መንስኤው ብዙውን ጊዜ ተራ ነገር ነው፦ የቪሴንተሩ የይለፍ ቃል ተቀይሮ ለቆጠራው መሣሪያ የነገረው የለም።

ሌላው እክል ከቅጂ ይመጣል። አንድ ቨርቹዋል ማሽን ተዘጋጅቶ በብዛት ሲባዛ መለያ ቁጥሩም አብሮ ይባዛል፤ ቆጣሪውም ብዙዎቹን እንደ አንድ ያያል። ለምሳሌ የማይክሮሶፍት ኬኤምኤስ አገልግሎት የተራ ተጠቃሚ ኮምፒውተሮችን ፈቃድ ማንቃት የሚጀምረው 25 የተለያዩ ማሽኖች ሲጠይቁት ነው፤ ሰርቨር ከሆኑ 5 ይበቃሉ። እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለ ሰፊ ተቋም የሚገኝ ላቦራቶሪ ከአንድ ቅጂ የተባዙ 40 ማሽኖች ቢኖሩት፣ ከመባዛቱ በፊት ዋናው ማሽን መለያውን በሚያድሰው ሲስፕሬፕ በተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ካልተዘጋጀ፣ ቆጠራው ከ1 ላያልፍ ይችላል። በክረምት ዕረፍት ላቦራቶሪ ሲዘጋ የሚጠፉ ማሽኖችም አሉ፤ እነዚህን ከተበላሹት ጋር አንድ ላይ የሚደምር ማስጠንቀቂያ ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

በኢትዮጵያ የጉዳዩ ዋና ችግር ርቀትና መቆራረጥ ነው። ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የተዘረጋው ወረዳ ኔት የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር ያገናኛል። ለምሳሌ የጭልጋ ወረዳ ዋና ከተማ አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የቆጠራው ማዕከል እንዲህ ካለው ወረዳ ከራቀ፣ መብራት ሲጠፋም ሆነ መስመር ሲቋረጥ፣ በማዕከሉ ገጽ ላይ የሚታየው አንድ ነገር ነው፦ ዝምታ። ባለጉዳዩ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ በፈቃድ መዝገቡ ላይ ደግሞ ክፍተት ይቀራል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበረ ሲታሰብ፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚልክ ኤጀንት ለዚህ አካባቢ እንደማይስማማ ግልጽ ነው። በኬኤምኤስ የነቃ ፈቃድ ለ180 ቀናት ይጸናል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አገልጋዩን አንድ ጊዜ እንኳ ማግኘት ያልቻለ ኮምፒውተር ፈቃዱ እንዳልነቃ ይቆጠራል።

ለዚህ መፍትሔ አለ። አይኤልኤምቲ ከኔትወርክ ውጭ ለሆኑ ማሽኖች የሚያገለግል ፈታሽ አለው፤ ልኬቱን ማሽኑ ላይ ያከማቻል፣ ውጤቱም በፍላሽ ተወስዶ ወደ ማዕከሉ ይገባል። የማስጠንቀቂያው የጊዜ ገደብም ለጎንደር ከተማና ለአይከል አንድ መሆን የለበትም፤ መቆራረጥ የተለመደ በሆነበት ቦታ አጭር ገደብ በየቀኑ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ያበዛና ባለሙያውን ያሰለቻል። የመብራት መጥፊያና መመለሻ ሰዓት በመዝገብ ከተያዘ፣ የትኛው ዝምታ የኤጀንቱ ሞት እንደሆነ መለየት ቀላል ይሆናል።

ቆጠራው የሕግም ጉዳይ ነው፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም በኢትዮጵያ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ያገኘ ሥራ ነው። የፈቃድ ውሉ ደግሞ ይለዋወጣል፤ ብሮድኮም ቪኤምዌርን በኅዳር 2016 ዓ.ም. ከገዛ በኋላ በቀጣዩ ወር የዘላለም ፈቃድ መሸጥ አቁሞ በየጊዜው ወደሚታደስ ክፍያ ዞሯል። የአይቢኤም ውል የቆጠራ ሪፖርት ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ እንዲዘጋጅና ለሁለት ዓመት እንዲቀመጥ ያዛል። ሐምሌ 1 ከሚጀምረው የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ሩቦች ጋር ካጣጣሙት የሪፖርቱ ሥራ ከመደበኛው የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ጋር አብሮ ይሄዳል፤ የቆሙ ኤጀንቶችም ሪፖርቱ ከመፈረሙ በፊት ዳግም መሥራት መጀመር አለባቸው፤ ያለፈውን ልኬት በኋላ መልሶ መውሰድ አይቻልምና።