ኮኤንዛይም ኪው-10

ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ ለእናትና ለአባት ከታሰበው ቫይታሚን መሀል ይህ ስም የተጻፈበት ብልቃጥ አልፎ አልፎ ይገኛል። ኮኤንዛይም የኤንዛይም ረዳት ነው፤ ያለ እሱ ኤንዛይሙ ሥራውን አይፈጽምም። ኪው-10 በሴሎቻችን ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኤሌክትሮን ያቀባብላል፤ ምግብ ወደ ጉልበት የሚለወጠው በዚህ ቅብብሎሽ ነው። ፍሬድሪክ ክሬን በ1957 እ.ኤ.አ. ዊስኮንሲን ውስጥ ያገኘው ከበሬ ልብ ነበር። «10» የሚሊግራም ልክ አይደለም፤ በሞለኪውሉ ጭራ ላይ የተቀጣጠሉት ተመሳሳይ ቁርጥራጮች ቁጥር ነው።

ሰውነታችን ራሱ ስለሚሠራው ቫይታሚን አይባልም። ዕድሜ ሲገፋ በልብ ውስጥ መጠኑ ይቀንሳል፤ ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶችም በደም ውስጥ ያለውን ያወርዱታል። ከዚህ ተነስቶ «እርጅናን ይመልሳል» ማለት ግን የሻጭ ወሬ ነው። ሻል ያለው ማስረጃ የልብ ድካም ላለባቸው ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ የ420 ሕሙማን ጥናት፣ ከመደበኛ ሕክምናቸው ጋር በቀን 300 ሚሊግራም ለ2 ዓመት የወሰዱት ከባድ የልብ ችግር ያነሰ ገጥሟቸዋል። ጤነኛ አዛውንት ይህን ለራሱ አይቁጠረው።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው፤ የመድኃኒቱን ኃይል ሊያዳክም ይችላል። ኪው-10 በስብ ስለሚሟሟ ዘይት ከነካው ምግብ ጋር ይወሰዳል። ካፕሱሉ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ የሚገኝ ጄላቲን ስለሆነ ጿሚዎች ብልቃጡን ቢያነቡ ይሻላል።