የውሻዎ መድኃኒት ስንት ሲሲ ነው?

የእንስሳት ሐኪም ለውሻዬ «አንድ ማንኪያ» ብሎ ሲያዝ «የትኛው ማንኪያ?» እላለሁ። የሕግ ሰው ነኝና አሻሚ ቃል አልወድም። በመለኪያ ደንቡ የሻይ ማንኪያ 5፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ሦስት እጥፍ ልዩነት! የወጥ ቤታችን ማንኪያ ደግሞ ለሁለቱም አይታመንም። ስለዚህ መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ ይሻላል፤ 1 ሲሲ ማለት 1 ሚሊ ሊትር ነው።

ትልቁ አደጋ ሚሊ ግራምን ከሚሊ ሊትር ማምታታት ነው። ጠርሙሱ «በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም» ይላል እንበል። 125ን ለ5 ስናካፍል በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 25 ሚሊ ግራም አለ። ሐኪሙ 50 ሚሊ ግራም ካዘዘ የሚቀዳው 2 ሚሊ ሊትር ነው። 50 ሚሊ ሊትር የቀዳ ሰው ግን የታዘዘውን 25 እጥፍ አጠጣ ማለት ነው። ከመቅዳትዎ በፊት ጠርሙሱን በደንብ ይነቅንቁት፤ መድኃኒቱ ከታች ይዘቅጣል።