በፍቺ ጊዜ የንግድ ቤት እንዴት ይከፈላል?

በጎጃምም ሆነ በጣና ዳር አባቶቻችን የሰማንያ ጋብቻ ሲዋዋሉ፣ መለያየት ቢመጣ ሀብቱ እንዴት እንደሚከፈል አስቀድመው ይነጋገሩ ነበር። ርስት ለየወገኑ ይቀራል፤ በትዳር የተገኘው ከብትና እህል ግን በሽማግሌ ፊት እንደ ውላቸው ይከፈላል። በሬ ይቆጠራል፤ እህልም በቁና ይሰፈራል። ንግድስ በምን ይሰፈራል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በትዳር የሚገኘውን ገቢ የጋራ አደረገ፤ ነገር ግን ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ ሾመ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ፣ በኋላም በ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል ያወጣው፣ ሁለቱን እኩል አደረጉ። ንብረት በአንዱ ስም ቢጻፍም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው።

እንግዲህ ከዘጌ ቡና እያመጣ በባሕር ዳር የሚሸጥ ነጋዴ ንግዱን የጀመረው በትዳር ዘመን ከሆነ፣ ፈቃዱ በስሙ ቢወጣም የሚስቱ ድርሻ አይጠፋም። ሱቅ ከመካከል አይሰነጠቅምና ዕቃውና ዱቤው ይገመታል፤ ዕዳው ይቀነሳል፤ አንዱ ሱቁን ቢይዝ ለሌላው ድርሻውን በገንዘብ ይከፍላል፤ ካልተስማሙም ይሸጣል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ፍቅር ሳለ የሒሳቡን መዝገብ ሁለታችሁም እወቁት። እህልን ቁና እንደሚሰፍረው፣ ንግድን የሚሰፍረው መዝገብ ነውና።