ጓሳና ኦስካር

በየዓመቱ የካቲት ተገባዶ መጋቢት ሲመጣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጣለሁ። አሞኝ አይደለም። አሜሪካኖቹ የኦስካር ሽልማታቸውን የሚሰጡት እሑድ ማታ ነው፤ ያ ደግሞ ለእኛ ለሰኞ አጥቢያ ይሆናል። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሼ፣ ማን ምን እንደወሰደ ስቆጥር ይነጋል። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ሆና፣ "አንተን አልጠሩህ! ምን አስጨነቀህ?" ትለኛለች። መልስ የለኝም። የሱስ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ሠላሳ ዓመት ያህል ፊልም ሳይ፣ ሽልማት ስቆጥር፣ የትኛው ዳይሬክተር ተራራን አሳምሮ እንዳነሣ ስከራከር ስኖር፣ የተወለድኩበት አገር ተራራ እንዴት እስከ ዛሬ ሊቆይ እንደቻለ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የዛሬው ጨዋታችን በዚሁ ላይ ነው።

ያደግሁት መሐል ሜዳ ነው። ለማያውቃት አንባቢ፣ መሐል ሜዳ የመንዝ ጌራ ምድር ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ የደሴን መንገድ ትቶ፣ በሞላሌ በኩል የሚገባባት፣ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብር ከተማ። ገብስና በግ አገር ነው። በጉ ደግሞ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ከጠጉሩ ባና ይሠራል፣ በርኖስ ይሠራል። ያለ ባና የመንዝን ሌሊት የሚያድር ሰው ካለ እሱን ነው መሸለም።

የመጀመሪያውን ፊልም ያየሁት እዚያው ነው፤ በደርግ ዘመን፣ ገና ልጅ ሳለሁ። አንድ መኪና ከነጄኔሬተሩ መጣ። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጠረ። ከተማው በሙሉ ባናውን ተከናንቦ ወጣ። ከታየው ሁሉ የማስታውሰው የሩቅ አገር ዝንጀሮዎች ዛፍ ለዛፍ ሲዘሉ ነው። እኛ ልጆቹ አፋችንን ከፍተን ቀረን። ከኋላችን የቆሙ አንድ አዛውንት ግን ጮክ ብለው፣ "ዝንጀሮ ለማየት ነው ይህ ሁሉ ሰው በብርድ የሚንቀጠቀጠው? ጓሳ ብትወጡ ጭላዳው ያለ ሞተር ይታይ የለም እንዴ!" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁት ግን በእርሳቸው ላይ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ መሆኑን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው የብዙዎቻችሁ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ለትምህርት መጣሁ፤ ከምሳ ገንዘቤ ቀንሼ አምባሳደር ሲኒማ ገባሁ፤ ሕንዱንም ካራቴውንም እኩል ወደድሁ። በኋላም የሥነ ጽሑፍ መምህር ስሆን ስለ ትረካ የማስተምረው በልብ ወለድ ብቻ ሳይሆን በፊልምም ጭምር ነበር። አብዝቼ የማነሣው ደግሞ የኃይሌ ገሪማን "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" ነበር። በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ የተቀረፀ ፊልም ነው። ንጉሡ ወርደው ደርግ በሚተካበት በዚያ የግርግር ወቅት ገጠር ወርዶ፣ በባለ መሬት ሥር የሚማቅቅን የገበሬ ቤተሰብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም ቀረበ፤ በሎካርኖ ፌስቲቫልም ተሸለመ። ኃይሌ ከዚያም ወዲህ በ"ጤዛ" እ.ኤ.አ. በ2008 ከቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ ከዋጋዱጉው ፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት ወስዷል።

እንግዲህ ይህንን ፊልም ሳስተምር መደምደሚያዬ ሁልጊዜ አንድ ነበር። "ፊልሙ የጠየቀውን አዋጁ መለሰው" እላለሁ። አዋጁ የምላችሁ የየካቲት 25 ቀን 1967ቱን ነው፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን። ተማሪዎቼ ይጽፋሉ፤ ፈተና ላይም ይመልሱልኛል። ጭሰኛ ነፃ ወጣ፤ ታሪኩ አለቀ።

አንድ የክረምት እረፍት ይህንኑ ለአያቴ በኩራት አወራሁላቸው። አያቴ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ "ጓሳስ?" አሉኝ።

"ጓሳ ምን ሆነ?"

"አዋጁ ሲመጣ ቄሮው ፈረሰ እኮ ልጄ። ይህን አላስተማሩህም?"

ቄሮ ሲባል በቅርብ ዓመታት ፖለቲካ ከምናውቀው ቃል ጋር አይምታታብን። የመንዙ ቄሮ ሌላ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው። ከመሐል ሜዳ አልፎ በምሥራቁ ገደል አፋፍ ላይ ጓሳ የሚባል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሰፊ ደጋ አለ። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ በድርቅ ዓመትም ከብት የሚተርፍበት እርሱ ነው። ከብቱ፣ ማገዶው፣ ክዳኑ ሁሉ ከዚያ ነው። ታዲያ የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይህን ደጋ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ባለ መብቶቹ ከሁለቱ አቅኚ አባቶች ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱት ነበሩ። በየወገኑ አለቃ ይመረጣል። ጓሳ ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ አለቆቹ ይመክራሉ፤ የሚከፈትበት ቀን ይታወጃል። ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም ይወጣል። ሳይከፈት የገባ ወዮለት! ጥበቃው ተራ ነው፤ ቅጣቱም የዋዛ አልነበረም።

እንግዲህ አስቡት። ደመወዝ የሚከፈለው ዘበኛ የለ፣ አጥር የለ፣ የተጻፈ ደንብ የለ። ከብቱ እየከሳ፣ ሣሩን ከሩቅ እያየ፣ "ቀኑ አልደረሰም" ብሎ የሚቀመጥ ገበሬ ነው ያን ደጋ ያቆየው። ያውም አንድ ትውልድ አይደለም። ሦስት መቶ ዓመት ከዚያም በላይ ነው።

አዋጁ ሲመጣ ይህ ሁሉ እንደ ሌላው የመሬት ሥርዓት ቆሻሻ አብሮ ተጠረገ። የትውልድ መብት ቀረ፤ ጓሳም የሁሉም ሆነ። አያቴ እንደሚሉት የሁሉም የሆነ ዕለት የማንም አልሆነም። ጠባቂ ጠፋ፤ ሣሩ ያለ ጊዜው ታጨደ፤ ዳር ዳሩም ታረሰ።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳላዛባ እፈራለሁ። ቄሮው ጻድቅ ብቻ አልነበረም። ከአስቦም ከጌራም ያልተወለደ ሰው አጥሩ ውጭ ነበር። ለእርሱ አዋጁ በር ከፍቶለታል። የኃይሌ ፊልም ያሳየው ግፍም እውነት ነበር፤ ያንን የሚክድ ሰው ጭሰኛ ምን እንደሆነ አያውቅም። የእኔ ስህተት ሌላ ነው። የአገሪቱን ገበሬ ሁሉ በአንድ ፊልም ውስጥ አስገብቼ ታሪኩን ዘጋሁት። ያ አዋጅ በአንዱ እጁ ጭሰኛውን ሲፈታ በሌላው እጁ የጓሳን በር ሲነቅል አላየሁም። መምህር ሆኜ፣ የመንዝ ልጅ ሆኜ!

ደግነቱ ታሪኩ እዚያ አላለቀም። የመንዝ ገበሬዎች የጥፋቱን አካሄድ አይተው ዝም አላሉም። የድሮውን ቄሮ እንዳለ መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ በየገበሬ ማኅበሩ ወኪል መርጠው የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ። ጥበቃው ከዘር ሐረግ ወጥቶ ወደ ቀበሌ ተሸጋገረ እንጂ መዝጋትና መክፈቱ ቀጠለ። ከጊዜ በኋላ መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ብሎ አወቀው። ለእኔ ይህ ከመጀመሪያው ይበልጣል። አባት ያቆየውን መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ የፈረሰውን፣ ያውም የተሻለ አድርጎ መልሶ መሥራት ሌላ ነው።

ካሜራው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የጭላዳን ኑሮ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ጓሳ ላይ ድንኳናቸውን ተከሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ፣ በዋናነት ሣር ግጦ የሚያድር እንስሳ ነው። ቀይ ቀበሮም አለ፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ አምስት መቶ አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጓሳ ጥናት አስደነቀኝ። ቀበሮዋ ብቻዋን አይጥ ስታድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካላታል። በጭላዳ መንጋ መሐል ስትሆን ግን ከሦስት ሁለቱ። ጭላዳዎቹም ግልገሎቻቸውን እንደማትነካባቸው አውቀው ዝም ይሏታል። ጅብራው፣ ጨረንፌው፣ ጭጋጉ፣ በመሐሉ ቀይ ቀበሮ፤ የትኛው ዳይሬክተር ነው ይህን የሚደርሰው? ናሽናል ጂኦግራፊክም እ.ኤ.አ. በ2017 ጓሳን በፎቶ ለዓለም አሳይቷል።

የስሜኖቹ ጭላዳዎችማ ከዚያም በፊት ታዋቂ ሆነዋል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳየው "ፕላኔት ኧርዝ" ውስጥ ስለ ተራሮች በሚተርከው ክፍል ይታያሉ። ያ ተከታታይ ፊልም በማግሥቱ ዓመት አራት የኤሚ ሽልማት ወሰደ። ሳየው፣ አዛውንቱ ትዝ አሉኝ። ያኔ የሳቅሁበትን ነገር ዓለም አጨበጨበለት።

የራሳችን ፊልሞችስ? ኢትዮጵያ "አትሌቱ"ን፣ "ድፍረት"ን፣ "ላምብ"ን፣ በኋላም በ2012 ዓ.ም. "ራኒንግ አጌንስት ዘ ዊንድ"ን ለኦስካር ልካለች፤ አንዱም ለመጨረሻው ዙር አልታጨም። ከእነዚህ ልቤን የነካው የያሬድ ዘለቀ "ላምብ" ነው። በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ካን ፌስቲቫል በይፋ ከተመረጡት መካከል ለመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። እናቱን ያጣ ልጅ በጉን ከቢላ ለማዳን የሚያደርገው ትግል ነው። በግና ደጋ! ሳየው እናቴ ስትፈትለው የነበረው ጠጉር ሸተተኝ። እዚያ ፊልም ውስጥ ተራራው ጌጥ አይደለም፤ ልጁን ያጠግባል፣ ያስርባል፣ ያሰድዳል። ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ፊልሞቻችን ግን ከሳሎን አይወጡም። ሶፋ፣ መጋረጃ፣ ስልክ። ተፈጥሮ የምትመጣው ፍቅረኞቹ ሐይቅ ዳር ሲሄዱ ብቻ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረውና ስሙን ከሚሼል ፓፓታኪስ ፊልም የወሰደው ጉማ ሽልማት ባለሙያዎቻችንን ማክበሩን አደንቃለሁ። ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም በሚባልበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን መድረኩ ላይ ስለ ተዋናይዋ ቀሚስ ከምናወራው ሩቡን ያህል፣ ካሜራው ስለቆመበት መሬት ብናወራ ምን አለበት?

ለመጨረሻ ጊዜ ጓሳ የወጣሁ ጊዜ በርኖስ የለበሱ አንድ ሽማግሌ አፋፉ ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። ከወዲህ የሚፈሰው ውሃ ወደ ዓባይ፣ ከወዲያ ያለው ወደ አዋሽ እንደሚወርድ በበትራቸው አሳዩኝ። ጭላዳዎቹ ሣር ይነጫሉ። እኔም የተማረ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልቻልሁም። የእነዚህን እንስሳት ወገኖች ስሜን ላይ ፊልም ያነሡ ፈረንጆች እንደተሸለሙ ነገርኋቸው።

"ሽልማቱ ምንድን ነው?" አሉ።

"ወርቅ የተቀባ ሐውልት ነው፣ አባባ።"

ጥቂት አሰቡና፣ "ይሁን፣ ይሸለሙ። ሲያነሡ ግን ሣሩን ረገጡት?" አሉኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ፣ ያን ሁሉ ሌሊት ቁጭ ብዬ ሳድር፣ አንድም አቅራቢ ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ አልሰማሁም።