የኤሌክትሪክ መኪና አንዴ ተሸንፏል፤ የተሸነፈው ከከተማ ውጭ ነው

እ.ኤ.አ. በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከተመረቱት መኪኖች ከሦስቱ አንዱ ያህል በባትሪ የሚሄድ ነበር። አይጮህም፣ አይጨስም፣ እንደ ቤንዚኑም ከፊት በእጅ ተጠምዝዞ አይነሳም። ለከተማ ሰው ከእሱ የተሻለ አልነበረም።

ታዲያ ለምን ጠፋ? የፎርድ ሞዴል ቲ ዋጋው ረከሰ። በ1912 ደግሞ ካዲላክ የቤንዚን ሞተርን በኤሌክትሪክ ማስነሳት ጀመረ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የወሰነው ረጅሙ መንገድ ነው። ቤንዚን በጣሳ ሆኖ ገጠር ሱቅ ይደርሳል፤ መብራት ግን ያኔ ከከተማ እምብዛም አይወጣም ነበር። ቤርታ ቤንዝ እንኳ በ1888 ከማንሃይም ፎርዝሃይም ስትጓዝ ነዳጅ የገዛችው ቪስሎክ ከሚገኝ ፋርማሲ ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ አግዷል። ምክንያቱ ይገባል፤ ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ መብራቱ ከራሳችን ወንዝ ነው። ቻርጅ ማድረጊያው ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ ተከማችቷል። ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው የአባይን በረሃ መሻገር አለበት፤ ቁልቁለቱ ለባትሪው ጥቂት ይመልሳል፣ የደጀን ዳገት ግን ከዚያ በላይ ይበላል።

ክልከላ በአንድ ውሳኔ ያልቃል። ጎሃ ጽዮን፣ ደጀንና ደብረ ማርቆስ ላይ አስተማማኝ ቻርጀር መትከል ግን ገንዘብና ዓመታት ይጠይቃል። ያ ካልቀደመ መኪናው እንደ 1900ው ሁሉ የከተማ ብቻ ሆኖ ይቀራል።